ምሳሌ ያጣችው ግሥ

መዝገበ ቃላት አዘጋጁ ከጠዋት ጀምሮ «ዲሞሊሽ» ከምትባል አንዲት የእንግሊዝኛ ግሥ ጋር ግብግብ ገጥሟል። ትርጉሟ አላስቸገረውም፤ ማፍረስ ነው። ምንጯንም አግኝቷል፤ ከላቲን የመጣች ናት፣ በብዙ ድካም የተገነባን መልሶ መናድ። የጎደለችው ምሳሌ ናት። በዚያ ቢሮ ደግሞ ምሳሌ አይፈጠርም፤ አዘጋጁ በዓይኑ ያየው ካልሆነ አለቃው በቀይ ይሰርዙታል። «መስጠም»ን ለማየት ወንዝ ወርዶ በሰው ርብርብ የወጣ ጅል ባልደረባ አለው።

ይሄኛው እንኳ ምሳሌ አጥቶ አይደለም። የእናቱ ቤት ለመንገድ ተብሎ ዛሬ ይፈርሳል። ያንን ላለማየት ነው ቢሮ የተሸጎጠው፣ ፈሪ! ስልኩ ጮኸ፤ ታናሽ እህቱ ናት።

«ጋሼ፣ እማዬ አልወጣም ብላለች። አንተን ነው የምትጠራው። ማሽኑ ደጅ ቆሟል፣ ኧረ ቶሎ ና!»

እየሮጠ ደረሰ። ዕቃው ሁሉ ወጥቷል። ስካቫተሩ ክንዱን አንስቶ ይጠብቃል። እናቱ ባዶው ሳሎን ውስጥ ጎንበስ ብለው ይጠርጋሉ።

«እማዬ፣ ሊፈርስ እኮ ነው! ምን ያስጠርግሻል?»

«እና ቆሽሾ ይፍረስ?» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሰው ምን ይለኛል? በል ማፈሻውን ያዝልኝ።»

እውነታቸውን ነው ወይስ ሐዘኑ አእምሯቸውን ነካው? ግራ እንደተጋባ ተንበርክኮ ያዘላቸው። አልጋው ከነበረበት ጥግ አቧራ፣ የክር ቁርጥራጭ፣ የሟች አባቱ የሸሚዝ ቁልፍ ወጣ። እናቱ ቁልፏን ለቅመው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ መጥረጊያቸውን ይዘው ወጡና በሩን ቆለፉት።

እሱ ሙሉ ማፈሻ እንደያዘ ግቢው መሃል ቀረ። የቆሻሻው በርሜል ከዕቃው ጋር ሄዷል። ወደ ስካቫተሩ ሹፌር ተጠጋ።

«ይቅርታ፣ ይሄን የት ልድፋው?»

ሹፌሩ ማፈሻውን አየ፣ ቤቱን አየ፣ እንደገና ማፈሻውን አየ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ወንድሜ?» አለ፤ የምር ነው ያላወቀው።

ቤቱ ሲወድቅ እናቱ እህቱን አቅፈው አለቀሱ። እሱ ማፈሻውን እንደያዘ ነው።

በማግስቱ አለቃው ቀይ እስክሪብቷቸውን ይዘው አነበቡ፦ «እናቴ ጠርጋ የጨረሰችውን ቤት አፈረሱት።»

«በዓይንህ አይተሃል?»

«ማፈሻውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

አለቃው እስክሪብቷቸውን ከደኑ። «ቆሻሻውስ?» አሉ።

«መኪናዬ ውስጥ ነው» አለ። «የት እንደምደፋው አላወቅኩም።»