እስከ ሰኞ እንዳትነግሪያት

ምስጢር መያዝ እንደማልችል አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ነው። ታዲያ ጋሼ፣ የጓደኛዬ የአለቃ ታላቅ ወንድም፣ ከሰው ሁሉ መርጦ ለእኔ መደወሉ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ወጥቼ ደረጃው ላይ አነሳሁት።

"አባባ ሆስፒታል ገብቷል" አለኝ። "ሐኪሞቹ ከጥቂት ቀን አያልፍም ብለዋል። ሰኞ ደግሞ አለቃ መመረቂያ ጽሑፏን ታቀርባለች። ከሰማች ሁሉን ጥላ ነው የምትመጣው፤ የስንት ዓመት ልፋቷን ውኃ ይበላዋል። አንቺ ሄደሽ አጠገቧ ሁኚ። ከቤት ማንም እንዳያገኛት። እስከ ሰኞ እንዳትነግሪያት።"

"ጋሼ፣ በሕይወት እያሉ እንኳ..."

"መንገዱ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ አትደርስም። ይልቅ ማዪልኝ።"

ማልኩለት። እኔ እንደሆንኩ ፈጥኜ እምላለሁ፣ ፈጥኜ እጸጸታለሁ።

አለቃ የልጅነት ጎረቤቴ ናት። ስሙን ያወጡላት አባቷ ናቸው፤ ቧንቧ ሠራተኛ ናቸው፣ በሰፈራችን እጃቸው ያልነካው ቧንቧ የለም። እናቷ ቀድመው ስለሞቱ ሥራ ቦታ ሁሉ ይዘዋት ይዞሩ ነበር። እሷም የመፍቻ ቦርሳውን እየጎተተች "አባዬ፣ እሱ አይደለም፣ ትልቁን!" እያለች ስታዛቸው አለቃ አሏት፤ በዚያው ቀረ። እዚህ ሰው አገር መጥታ የምታጠናውም ያንኑ ነው፦ ከመሬት በታች የሚባክነውን ውኃ መንገድ ሳይቆፈር ማግኘት። እኔ ሌላ ከተማ ነኝ፤ በባቡር ሦስት ሰዓት።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ጣቢያው ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ።

"ምን እግር ጣለሽ?"

"ናፍቀሽኝ ነዋ።"

"አንቺ? ለናፍቆት ቲኬት የምትገዢ?" ብላ ሳቀችብኝ። ሳቋ አንጀቴን በላው።

ክፍሏ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ማሞቂያው ላይ የተሰጣ ካልሲ። ግድግዳው ላይ ሰኞ የምታቀርበውን ዘጠኝ ወረቀት በተራ ለጥፋዋለች። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ሥራዬን ጀመርኩ።

"ስልክሽን አምጪ። ሰኞ እስክትጨርሺ እኔ ጋ ይቀመጥ፤ ያዘናጋሻል።"

አላንገራገረችም፤ እጄ ላይ አስቀመጠችው። "ጎሽ የኔ እህት! አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?" አለች። ከዚያ ደግሞ "ነገ ለአባዬ ብቻ እደውልለታለሁ።"

"ጋሼ ገጠር ዘመድ ጥየቃ ይዟቸው ሄዷል አሉ። እናቴ ናት የነገረችኝ። ኔትወርክ የለም።"

ውሸቱ ከአፌ ሲወጣ የገዛ ጆሮዬ አፈረ። እሷ ግን "እንኳን ሄደ፣ ትንሽ ይናፈስ" አለች። አመነችኝ። እኔን ማመን ምን የሚሉት ሞኝነት ነው?

ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ ጀመርን። እሷ ግድግዳው ሥር ቆማ ታቀርባለች፣ እኔ አልጋው ላይ ሆኜ ሰዓት እይዛለሁ፤ የተፈቀደላት ሃያ ደቂቃ ነው። የመጀመሪያውን ወረቀት ጨርሳ ሁለተኛው ላይ ምላሷ ይተሳሰራል። እንደገና። እንደገና። በሰው ቋንቋ የሸመደደችው እንደ ድንጋይ ከብዷታል። የእሷ ስልክ ኪሴ ውስጥ በተንቀጠቀጠ ቁጥር እኔም አብሬ እንቀጠቀጣለሁ። እስከ ረፋዱ ሰባት ጊዜ ቆጥሬያለሁ።

"ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል እኮ" አለችኝ።

"ስብከትሽ ነዋ ያደከመኝ። ቀጥዪ።"

ያኔ የራሴ ስልክ ጮኸ፤ የጋሼ ቁጥር ነው። ውኃ ልጠጣ ብዬ በኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው የጋራ ኩሽና ሮጥኩ።

"ጋሼ?"

"ጋሼ አይደለሁም። አንቺ ወሬኛ፣ አለሽ?"

አባባ ናቸው። ድምፃቸው ተመናምኖ በየቃሉ መሃል ትንፋሽ ይፈልጋሉ። እንደዚያም ሆነው ያሾፋሉ። "ልጁ ሐኪም ሊጠራ ሲወጣ ስልኩን ሰረቅኩት። ሌባ ሆንኩልሽ በስተርጅና።"

"አባባ... እንዴት ነዎት?"

"እንደምታውቂው ነው። አለቃ ስልኳን አታነሳም። አጠገብሽ ናት?"

ልምምዷ እስከ ኩሽናው ይሰማኛል። መሐላዬን አስታወስኩ።

"ተኝታለች፣ አባባ። ስታጠና ነው ያደረችው።"

"ተኝታለች?" አሉ። "ትተኛ፣ ትተኛ። እንዳትቀሰቅሻት። ስትነሳ... ግዴለም። በይ ደኅና ዋዪ።"

ተዘጋ።

ቧንቧውን ከፍቼ እጄን ውኃው ሥር አደረግኩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩ። ሐሙስ ብነግራት፣ ያንኑ ቀን ብትነሳ፣ ዛሬ አልጋቸው አጠገብ ነበረች። "አትደርስም" ያለኝ ጋሼ ነው፤ እኔ ደግሞ ጭንቅላት እንደሌለው ሰው ተቀበልኩት። በእሱ ተናደድኩ። በራሴ ይበልጥ ተናደድኩ። "ትተኛ" ብለው ብቻ በተዉት በአባባም ተናደድኩ፤ ምናለ ቢቆጡኝ? መሐላውም እንደፈለገ ያድርገኝ ብዬ ተመለስኩ።

"አለቃ፣ ቁጭ በይ።"

"አልጨረስኩም እኮ።"

"አባባ ታመዋል። በጣም። ገጠር አልሄዱም፣ ሆስፒታል ናቸው። አሁን ደውለው ጠየቁሽ፤ ተኝታለች አልኳቸው።"

ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም፣ አልተቀመጠችም። እጇን ዘረጋች።

"ስልኬን።"

ሰጠኋት። ስፒከር ላይ አድርጋ ደወለች፤ ጋሼ አነሳ።

"አባዬን ስጠኝ።"

"ውይ አለቃ! ተኝቷል እኮ፣ አንቺ ጥናትሽን..."

"አንተ ጋ እሱ ተኝቷል፣ እዚህ ደግሞ እኔ ተኝቻለሁ። ከመሃላችሁ የነቃ ሰው የለም? ስጠኝ!"

አንሶላ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። ከዚያ ያ የመነመነ ድምፅ መጣ።

"አለቃ። ነቃሽ?"

"ነቃሁ፣ አባዬ።" አለች። "ዛሬውኑ እነሳለሁ። መጣሁልህ።"

"አትደርሺም፣ ልጄ። መንገድ ላይ አትንከራተቺብኝ። ይልቅ ሰኞ ለአስተማሪዎቹ የምትነግሪያቸውን አሁን ለእኔ ንገሪኝ። ሳታስቀሪ። ግማሽ ሥራ እንደማልወድ ታውቂያለሽ።"

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ግድግዳው ሥር ቆመች። እኔ ሰዓት መያዙን ተውኩት። በሰው ቋንቋ አልጀመረችም።

"አባዬ፣ ውኃ ቧንቧ ቀድዶ ሲወጣ ይጮሃል አይደል? እኔ በቧንቧው በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ጆሮ አስቀምጣለሁ። ድምፁ ቀድሞ የሚደርሰው ለቀዳዳው ቅርብ ወደሆነው ነው። በስንት እንደቀደመ ሳሰላ ቦታውን አገኘዋለሁ።"

"ሳይቆፈር?"

"ሳይቆፈር።"

"እኔ ታዲያ ዕድሜዬን አይጥ ሆኜ ነዋ የኖርኩት!" ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው። እሷ እስኪያልፍላቸው ጠበቀች፣ እኔ ትራሱን ነክሼ ነበር። "የፕላስቲኩስ ቧንቧ? እሱ ድምፅ አያስተላልፍም እኮ።"

አለቃ ፈገግ አለች። ጠዋቱን ሁሉ ምላሷን ያሰረባት ሁለተኛው ወረቀት ይኸው ነበር። "እሱን ነው እንግዲህ አንድ ዓመት የለፋሁበት" ብላ አስረዳቻቸው። አንድም ጊዜ አልተደናቀፈችም። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው ወረቀት አለፈ። በየመሃሉ አባባ "እ..." ይላሉ፤ ገብቶኛል፣ ቀጥዪ ማለታቸው ነው። ስድስተኛው ላይ "እ..." ራቅ ራቅ አለ። ሰባተኛው ሲያልቅ አልመጣም።

"አባዬ?"

"አባባ እየሰማሽ ነው፣ ቀጥዪ" አለ ጋሼ። ድምፁ የጋሼ አይመስልም። በዚያ ክፍል በር ተከፈተ፣ የሚጣደፍ ጫማ ተሰማ።

አለቃ እኔን አየችኝ። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

"ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ።"

"አሁን ነው፣ አለቃ። አሁን አረፈ። እጁን ይዤው ነው።"

ተነስቼ ልይዛት ሄድኩ። በመዳፏ ገታችኝ። እንባዋ እስከ አገጯ ወርዷል፤ ዓይኗ ግን ግድግዳው ላይ ነበር።

"ሁለት ወረቀት ይቀረኛል" አለች። "ጋሼ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርግለት።"

ጋሼ አደረገላቸው። እሷም ከስምንተኛው ጀምራ ለአባቷ እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው።