የወረቀት ፍቺ

3.

ከሦስት ነው የምጀምረው። አንድና ሁለት ስለ ፍቅራችን ነበሩ፤ ቀድጄ ጣልኳቸው።

4.

ሰፈራችን ሊፈርስ ነው። በአዲሱ ፕላን እዚህ ቦታ ላይ ከአሥራ አምስት ፎቅ በታች መሥራት ክልክል ሆኗል። የእኛ የቀበሌ ቤት ፎቅ ቀርቶ ኮርኒስ እንኳ የላትም። ምትኩ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ። የግለሰብ ኪራይማ እሳት ነው፤ የሁለታችን ደመወዝ ተደምሮ አንዲት ክፍል አያስገባም።

5.

ከባልሽ ጋር በወረቀት ለመፋታት፦

ሀ) «የተፋቱ ሁለት ቤት ይደርሳቸዋል» የሚለውን ወሬ ስሚ። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል።

ለ) ባልሽ ግዛቸው «ስንድዬ፣ እኔ በቤቱ ኪራይ ውል፣ አንቺ በደባልነት እንመዘገባለን። አንዱን እንኖርበታለን፣ አንዱን እናከራያለን» ሲልሽ እመኚው።

ሐ) ፍርድ ቤት ስትሄዱ ታክሲ ውስጥ ጸብ ተለማመዱ። ዳኛዋ «በሽማግሌ ታረቁ» እንዳይሉ ስድቡ ጠንከር ይበል። ስድቡን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ግዛቸው ሰው መሳደብ አያውቅበትም ነበር።

መ) ፈርሙ። ስትወጡ አንድ ጥብስ አዝዛችሁ አብራችሁ ብሉ። በሳቅ ልንሞት!

6.

የምዝገባው ቀን። ባለሙያዋ ቤታችን ድረስ መጥታለች። ደባል የሰው ካልሲ አይሰፋም ብዬ ከመጋረጃው ጀርባ ተደብቄ የግዛቸውን ካልሲ እሰፋለሁ። የሰማሁትን ቃል በቃል ልጻፈው፦

ባለሙያዋ፦ ውሉ በእርስዎ ስም ነው። አብሮዎት የሚኖር ደባል አለ?

ግዛቸው፦ ካለ ምን ይሆናል?

ባለሙያዋ፦ ማጣራት አለ፤ ወራት ይፈጃል። ብቻዎን ከሆኑ ግን ዛሬውኑ ዕጣ ያወጣሉ።

ግዛቸው፦


ብቻዬን ነኝ።


ለምን አልወጣሽም ትሉኝ ይሆናል። የኔ ብልጥ፣ አንድ ነገር አስቦ ነው አልኩ። እግዚኦ ሞኝነቴ!

7.

ቤታችን ፈረሰ። እሱ ስቱዲዮ ደረሰው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ፍራሼን ተሸክሜ ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጎ አየኝ።

«ስንዱ፣ እዚህማ እንዴት ይሆናል? ሰው ምን ይላል? ተፋትተናል እኮ።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት።

ተፋትተናል


እኮ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ! ፍራሹን ደረጃው ላይ ጥዬ ወረድኩ።

8.

አቤቱታ ሰሚ ክፍል።

እኔ፦ የእኔስ ቤት የታለ?

ኃላፊው፦ እህቴ፣ ፍቺው እውነት ከሆነ ቤቱ አይመለከትዎትም። ውሸት ነበር ካሉ ደግሞ መንግሥትን አታላችኋል፤ ቤቱ ይነጠቅና ሁለታችሁም ሜዳ ላይ ትቀራላችሁ።

እኔ፦ ባልና ሚስት የሚያፋታ ሕግ ያወጣችሁት እናንተ፣ የምጠየቀው እኔ?

ኃላፊው፦ ለመዝገቡ ነው። ፍቺው እውነት ነበር?

እኔ፦