የሬና አበባ

"እትዬ ቺዙኮ፣ ይሄንንስ የት ላድርገው?" አለ አበባ አመላላሹ እያለከለከ።

ትናንት ቅርጫት ኳስ ሲነጥርበት ያመሸው የናጎያው አዳራሽ፣ ዛሬ የእንጨት ወለሉ ተነስቶ የዘፈን መድረክ እየተተከለበት ነው። መግቢያው ላይ ደግሞ ወዳጅና አድናቂ ለዘፋኞቹ የላከው፣ ሰው የሚያክል የእንኳን ደስ ያለሽ አበባ ይደረደራል። ቦታ የምትመድበው ቺዙኮ ናት።

"ለሬና፣ ከሠፈር ልጆች" ይላል ሪባኑ።

"ደግሞ ሬና ማን ናት?" አለች ቺዙኮ እያወቀች።

"አዲሷ ዘፋኝ ናታ! የዚሁ ከተማ ልጅ እኮ ናት!"

ወይ ጉድ! ንፍጧን ቺዙኮ ስትጠርግላት ያደገች የጎረቤት ልጅ! ከሷ ልጅ ከሺዮሪ ጋር አብረው ዳንስ ተማሩ፣ ለዘፋኝነት አብረው ተፈተኑ፤ ሬና አለፈች፣ ሺዮሪ ወደቀች። ይኸው አንዷ መድረክ ላይ፣ አንዷ ዳቦ ቤት። የሬና እናትማ አሳንሰር ውስጥ ባገኘቻት ቁጥር፣ "ሺዮሪስ ደህና ናት?" ትላታለች። ቺዙኮ ፈገግ ትልና ቤቷ ስትገባ በሩን ድርግም ታደርገዋለች።

"ከምሰሶው ጀርባ፣ መጸዳጃ ቤቱ ጋ አድርገው።"

"እንዴ! እዚያ ማን ያየዋል?"

"ቦታ የለም አልኩህ!"

ቦታማ ነበር፤ በሩ ፊት ለፊት።

ከሰዓት በኋላ ሺዮሪ የዳቦ ቤት ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ እየሮጠች መጣች።

"እማዬ፣ አበባችን ደረሰ? ሰማያዊው?"

"የምን አበባችሁ?"

"የሬና ነዋ! የሠፈሩን ልጆች ያስተባበርኩት እኔ ነኝ። አንቺን ላስደንቅሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ሬና አሁን አጠገቡ ፎቶ ልትነሳ ትመጣለች። 'የምትደረድረው እናቴ ናት፣ ከፊት ነው የምታደርግልሽ' ብያታለሁ።"

"አንቺ... አትቀኚም?" አመለጣት።

ሺዮሪ ሳቀች። "እንዴት አልቀናም! ስንት ቀን አለቀስኩ። ግን ጓደኛዬ ናት፤ ምን ላድርጋት?"

የቺዙኮ ፊት ጋለ። "ገና አልደረሰም" ልትል አፏን ከፈተች። ልጇን በሰበብ ወደ ውጭ ልካ፣ አበባውን ማንም ሳያይ ማምጣት ትችላለች።

"መጸዳጃ ቤቱ ጋ ነው" አለች አንገቷን ደፍታ። "እዚያ ያስደረግኩት እኔ ነኝ። ነይ፣ በአንድ በኩል ያዢልኝ።"