ከግድግዳው የጎደለው ኬላ

ጣሊያን ዲላ ከገባ በኋላ ገሪማ የጸሐፊነት ሥራውን አጥቶ ነጋዴዎችን እየመከረ ይኖር ነበር። ሥራቸውን ከመነሻው እስከ መድረሻው ግድግዳ ላይ በከሰል እየሣለ ጉድለቱን ያሳያቸዋል።

የቡና ነጋዴዋ ወይዘሮ ሀዲጃ ያስጠሩት ቡናቸው ሁለት ጊዜ ሻግቶ ስለደረሰ ነው። አሁንም ከሻገተ ገዢያቸው ሊተዋቸው ዝቷል። ገሪማ እሳቸው እንደነገሩት የማድረቂያውን ሰሌን፣ ጪጩ መንደር ያለውን ጎተራ፣ በቅሎዎቹንና የዲላውን መጋዘን ሣለ። እንከን አላገኘም።

የበቅሎ ነጂው ባልቻ ሥዕሉን አይቶ ሳቀ።

«ጋሼ ገሪማ፣ በቅሎዎቼን ያለ ኬላ አሳለፏቸው! ምነው እኔንም እንዲህ ቢያሳልፉኝ።»

«የምን ኬላ?» አሉ ወይዘሮ ሀዲጃ።

«መንገድ ላይ የጣሊያን ወታደሮች መሣሪያ ሊፈትሹ ጭነቱን ያስወርዱናል። ጆንያው እርጥብ ሣር ላይ እስከ ቀትር ይተኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እትዬ፣ ማን ጠየቀኝ?»

ገሪማ አፈረ፤ ነጂውን ሳይጠይቅ የነጂውን መንገድ ሥሎ ነበር። ኬላውን ሊሥል ከሰሉን አነሳና ተወው፤ ወታደር ቢያየው ጣጣ ነው። በምትኩ ኬላው በሚገኝበት ቦታ ዛፍ ሣለ፣ ከሥሩም የተነጠፈ ሰፊ የእንሰት ቅጠል ሣለ።

«ገባኝ፤ ከጆንያው ሥር የማነጥፈው ቅጠል ቆርጬ እሄዳለሁ» አለ ባልቻ።

በሳምንቱ ገዢው ከደረሰው ጭነት አንዱን ጆንያ ፈትቶ አሸተተ። ከዚያም ቡናውን ሊረከብ ሚዛኑን አስመጣ።