የጋሻው ወንበር የማን ነው?

ጋሻው ከዳን! በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም ለንደን ላይ ፀሐይ በወጣችበት ብርቅ ቀን፣ ከእኛ መሀል ተነሥቶ ካርታ ተጫዋቾቹ ዘንድ ሄዶ ቁጭ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊንስበሪ ፓርክ ያለውን የማኅበራችንን አዳራሽ የሚያስተዳድረው ሰባት አባላት ያሉት ሸንጎ ነው። የሚመረጠው ደግሞ ሰው አይደለም፣ የስም ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ባገኘው ድምፅ ልክ ከላይ ወደ ታች ወንበር ይይዛል። ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹ ለልጆች የአማርኛ ትምህርት ይሁን የምንለው እኛ አራት ወንበር አገኘን። ቅዳሜ የካርታ ቀን ነው የሚሉት ሦስት። አስተማሪዋ እኔ እታለማሁ ነኝ። ጋሻው ሲከዳ አራት ወንበር የእነሱ፣ ሦስት የእኛ ሆነና ተማሪዎቼ ሜዳ ላይ ሊቀሩ ሆነ።

“ወንበሩ የኔ ነው፤ ሕዝብ ነው የመረጠኝ!” አለ ጋሻው።

“አንተን ደግሞ ማን ያውቅሃል? ሕዝብ የመረጠው ዝርዝሩን ነው!” አልኩት።

እሱ ከወረደ ተተኪዋ እኔ ነኝ፤ አምስተኛ ነበርኩ። ስድስተኛው ባሌ ደግፌ ነው። ለካርታ ነፍሱን ቢሰጥም፣ እኔን ይፈራል ብዬ ለቁጥር ማሟያ ያስገባሁት ነው።

ሽማግሌ ተቀመጠ፣ አልሆነም፤ ሽማግሌዎቹም ካርታ ይጫወታሉ። በመጨረሻ ፊርደውስን ዳኛ አደረግናት። እዚሁ ኬንቲሽ ታውን የተወለደች፣ ሕግ የምታጠና፣ ከማንም ያልወገነች ልጅ ናት። ደንቡን አነበበች፣ ሁለታችንንም ሰማችና ብድግ አለች።

“ወንበሩ የዝርዝሩ ነው፤ ጋሻው ይለቃል። እትዬ እታለማሁ፣ ወንበሩን አክሰፕት ያደርጋሉ?”

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ግን ሰው እንዴት በአንድ ጥያቄ እሺ ይላል? ስግብግብ መባልስ የለም? አንገቴን ደፋ አድርጌ “ኧረ በፍጹም! እኔ ማን ሆኜ? ከኔ የተሻለ ስንት ሰው እያለ!” አልኩ። አሁን ትለምነኛለች፣ ደግሜ እምቢ እላለሁ፣ አዳራሹ “በሞቴ!” ይለኛል፣ ከዚያ እንደተገደደ ሰው እቀመጣለሁ።

“ኦኬ፣ ቴንኪው” አለች ፊርደውስ። “ዲክላይን አድርገዋል። ስድስተኛው?”

“ቆይ እንጂ ልጄ! አትለምኚኝም እንዴ?”

“እምቢ ካሉ እምቢ ነው እትዬ። ማስገደድ አይፈቀድልኝም።”

ጋሻው በሳቅ ሊሞት ደረሰ። እኔ ወደ ደግፌ ዞሬ በዓይኔ ለመንኩት፦ እምቢ በል፣ ሰባተኛዋ ሮማንወርቅ የኛ ሰው ናት! ሰው ቤት እራት ሲቀርብለት ጠግቤያለሁ እያለ የሚምል፣ በጉርሻ የሚለመን ሰው፣ አንድ “ኧረ ይቅርብኝ” እንኳ ሳይል ብድግ አለ።

“እሺ! ደስ ይለኛል።”

ወዲያው ድምፅ ተሰጠ። ደግፌ እጁን ለካርታ አወጣ፤ አራት ለሦስት ተሸነፍን።

አውቶቡስ ላይ “ተናደድሽ እንዴ?” ይለኛል ደግሞ! አንጀቴ አርሯል እኮ! ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ ልጆቹ የሚማሩት የኛ ሳሎን ውስጥ ነው፣ ሶፋህም ቴሌቪዥንህም ይወጣል አልኩት።

“ሳንመክርበት? ድምፅ ሳንሰጥበት?”

“እኔ ቤት ምርጫ የለም!” አልኩት።