የአዱኛ ጓጉንቸር

ጥር 17 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ማሬ በአርብ ገበያ በሰባት ቤተሰቦች የጋራ የገብስ መጋዘን በር ላይ ቆማ አዱኛን ትጠብቅ ነበር። በሩ ሁለት ጓጉንቸር አለው። የአንደኛውን ቁልፍ የሚይዘው መጋዘኑን ሲጠብቅ የኖረው ባሏ አበባው ነበር፤ እሱ ካረፈ ወዲህ እሷ ዘንድ ነው። የሁለተኛው ቁልፍ አዱኛ ዘንድ ነው። አበባውና አዱኛ ግን በማሳ ድንበር ተጣልተው ስድስት ዓመት ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም። አበባው ሁለተኛውን ቁልፍ ለምን ለባላንጣው እንደሰጠው ማሬን ሁልጊዜ ይገርማት ነበር። ዛሬ ለአርባው ጠላ የሚሆን ገብስ ከድርሻዋ ካወጣች በኋላ፣ ያን ቁልፍ ተቀብላ ለወንድሟ ልትሰጥ አስባለች።

አዱኛ ሚዛን ተሸክሞ መጣ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ማሬ።»

«ሚዛኑ ለምንድን ነው፣ አያ አዱኛ? ለሙት እኮ ነው!»

«ለሙትም ይመዘናል፤ መዝገብም ላይ ይሰፍራል።»

«ቆይ እስቲ፣ ያ ሰውዬ ከአገር ሁሉ አንተን ምን ብሎ መረጠ?»

አዱኛ ሳቅ አለ። «እኔም ገርሞኝ በሽማግሌ አስጠይቄው ነበር። ‹ወዳጄ ቢይዘው አንድ ቀን ተስማምተን እናጎድላለን፤ አዱኛ ግን አንድ ጣሳ ባጎድል ለአገር ሳያወራ አያድርም› አለ አሉ።»

ማሬ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ቁልፉንም አልጠየቀችውም። ሃያ ኪሎ ገብስ ተመዝኖ በስሟ ተጻፈ።

በሐምሌ ገብስ ሲወደድ ሰባቱ ቤተሰቦች ያከማቹትን ሳይጎድል ሸጡ፤ በዓመቱም ሁለተኛ መጋዘን ሠሩ።