እህት የመሰለችን ሴት

ጎረቤታችን አረጋሽ እንግዳዋን ከድንኳኑ በር ላይ እንዳየቻት «እህትየው መጣች!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ተነሡ፤ ለቅሶው እንደ አዲስ ቀለጠ። ጥቁር ሻሽ ያሰረችው ሴት ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። አረጋሽ ደግፋ ወስዳ ከሟች ሚስት ከወርቅውሃ አጠገብ፣ የቅርብ ዘመድ የሚቀመጥበት ፍራሽ ላይ አስቀመጠቻት። ሴትዮዋ አንድ ሁለት ጊዜ «እኔ እንኳ...» ልትል ሞክራ ነበር። አረጋሽ ግን ሰው ንግግሩን እስኪጨርስ የምትጠብቅ ሴት አይደለችም።

ብዙም ሳይቆይ፣ መርዶው ዘግይቶ የደረሳት ማሪቱ፣ እውነተኛዋ የሟች እህት፣ እግሯ ጭቃ እንደለበሰ ከሆለታ ደረሰች። ደረቷን እየደቃች ገብታ ፍራሹ ላይ ያለችውን ስታይ ለቅሶዋን አቋርጣ «ይህቺ ማን ናት?» አለች።

ወርቅውሃም አታውቃትም። የሴትዮዋን ዓይን ግን ከመጀመሪያው አይታዋለች። ዛሬ ብቻ ያለቀሰ ዓይን አልነበረም።

ሟቹ ብዙነህ ጋዜጠኛ ነበር። ስለ ፊልም ይጽፋል፤ ያውም በመጨረሻው ገጽ፣ ከጃንሆይ ጉብኝትና ከእህል ዋጋ በተረፈች ቦታ። ሰበታ ላይ ግን ትልቅ ሰው ነበር። ሲኒማ ቤት የለንምና ፊልም የምናየው በእሱ አፍ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደጁ ላይ ተቀምጦ ይተርክልናል። የሕንድ ፊልም ከሆነማ እናትየው ለልጇ ያለችውን ቃል በቃል ይወጣዋል። የእድራችን ዳኛ ኦቦ ኢተፋ በጋቢያቸው ዓይናቸውን ጠርገው አቧራውን ይረግማሉ። ሕንድኛ የት ተማርክ ሲሉት ፈገግ ይላል። እኛም ፈገግታውን እንደ መልስ ተቀበልነው።

ወርቅውሃን ግን አንድም ቀን ሲኒማ ቤት አልወሰዳትም። ስትጠይቀው ወንበሩ ትኋን አለው ይላታል። እሱ ራሱ ከዚያ ትኋናም ወንበር ተነሥቶ መጥቶ አንዴም ሲያክ አላየችውም። ይህን ልብ ብላ፣ ዝም ብላ ኖረች።

ሹክሹክታው ከንፍሮው ጋር ዞረ። አንዷ ውሽማ ናት አለች፤ ሌላዋ ልጅ ሳትወልድለት አትቀርም አለች። አረጋሽ ስሕተቷን ለመሸፈን፣ ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር ማለት ጀመረች። ኦቦ ኢተፋ ከወንዶቹ በኩል «ዲሳ፣ ተዉአት፤ ልታለቅስ ነው የመጣችው» ቢሉም የሰማቸው የለም። ማሪቱ አልተቀመጠችም። ወደ ወርቅውሃ ጎንበስ ብላ «አንቺ ካላስወጣሻት እኔ አስወጣታለሁ» አለች።

ወርቅውሃ ጨነቃት። ብታስወጣት ባሏ ሌላ ሴት እንደነበረው ለሰበታ ሁሉ መመስከሯ ነው። ብትተዋት ደግሞ ከውሽማው ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ልታለቅስ ነው።

«ከባለቤቴ ጋር ምን አላችሁ?» አለቻት በመጨረሻ።

ሴትዮዋ ራህመት እንደምትባል ተናገረች። ያደገችው አዲስ አበባ፣ ሕንድ የጨርቅ ነጋዴ ቤት ነው፤ ቋንቋቸውን የለመደችውም እዚያው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከብዙነህ አጠገብ ተቀምጣ ፊልሙ ላይ ያሉት የሚሉትን በጆሮው ትነግረዋለች። እሱ ሕንድኛ አንዲት ቃል አያውቅም።

«በጨለማ፣ በጆሮው» አለች ማሪቱ።

ወርቅውሃ ግን ትምህርት ቤታችን የሚያስተምረው ሕንዱ መምህር ትዝ አላት። እሱ ብቅ ሲል ብዙነህ መንገድ ይሻገር ነበር፤ ሁላችንም ተጣልተዋል ብለን ነበር። ሳቋ ሊያመልጣት ሲል በነጠላዋ አፏን ያዘች። ጥርጣሬዋ ግን አልለቀቃትም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ። ለካ ቅዳሜ ማታ ብዙነህ ሲተርክላት ያስለቀሷት ቃላት ሁሉ በዚህች ሴት አፍ አልፈው የመጡ ናቸው።

«የምትነግሪው እነሱ ያሉትን ነበር?»

ራህመት የሻሿን ጫፍ አፍተለተለች። «ብዙውን። አንዳንዴ እለውጠው ነበር። መጥፎ ሲያልቅ አይወድም።»

ወርቅውሃ፣ መጥፎ ሲያልቅ እንደማይወድ የምታውቀው እሷ ብቻ ይመስላት ነበር። ከሌላው ሁሉ ይሄ አንጀቷን ቆረጠው።

ማሪቱ አሁንም ቆማ ትጠብቃለች። ወርቅውሃ ያለፈው ቅዳሜ ማታ ትዝ አላት፤ ብዙነህ ደረቱን ይዞ ነበር የገባው። እንደ ልማዱ የፊልሙን ግማሽ ነግሯት፣ ቀሪውን ነገ ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። አልነቃም።

ቀሚሷን ሰብስባ ፈቀቅ አለችና በሌላው ጎኗ ለማሪቱ ቦታ ለቀቀች። «አንቺ በዚህ ተቀመጪ» አለቻት። ከዚያ ወደ ራህመት ዞረች።

«ሙሽራይቱ ባቡር ጣቢያ ብቻዋን ቀርታለች፤ ባቡሩ ጮኋል። ከዚያስ?»

ራህመት አፍንጫዋን ጠረገች። «የትኛውን ልንገርዎ፣ እትዬ? እነሱ ያሉትን ነው ወይስ ለእሱ ያልኩትን?»